«ዲቪዲ በርን አላደርግም» የሚል ሊኑክስ ኮምፒውተር፦ ለልጁ የአንድ ክፍል ቁልፍ ይበቃዋል

የልጆች ምርቃት፣ የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የኒካህ ቪዲዮ አገር ቤት ላሉ አያቶች መላክ የማይፈልግ ቤተሰብ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የለም ማለት ይቻላል። «በቴሌግራም ላክላቸዋ!» ማለት ቀላል ነው። የሁለት ሰዓት ቪዲዮ በስልክ ዳታ ማውረድ ግን ለአያት ቀላል አይደለም፤ ካርዱም ያልቃል። ኢንተርኔቱ ራሱ የጠፋበት ጊዜም ነበር፦ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ፣ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል መስመሩ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ከዚህ የሚላክ ፎቶ እንኳ አልደርስ ብሎ ነበር። ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ የሚሄድ ዲቪዲ ግን ኔትወርክ አይጠይቅም። አያትም ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ማጫወቻ ከፍተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ቡና እየተፈላ ያዩታል።

ዲቪዲ የሚጽፍ ድራይቭ ያላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በአብዛኛው ድራይቭ የላቸውም። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። እናም በየቤቱ ሃይስኩል ያለ ልጅ «አባዬ፣ አትጣለው! ሊኑክስ እጭንበታለሁ» ይላል። ልክ ነው። ሊኑክስ ሚንትም ሆነ ኡቡንቱ በነፃ ይገኛሉ፤ ያረጀውን ላፕቶፕ ለጥቂት ዓመታት ነፍስ ይዘሩበታል።

ከዚያ ግን አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል። አባት በራሱ አካውንት ገብቶ ዲቪዲ ሲጽፍ ይሠራል። ልጅ በራሷ አካውንት ገብታ ያንኑ ዲስክ፣ ያንኑ ፕሮግራም ስትሞክር «ይህን ድራይቭ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ፈቃድ የለዎትም» ይላታል። ወይም ፕሮግራሙ «ምንም ዲቪዲ መጻፊያ አላገኘሁም» ብሎ ቁጭ ይላል፤ ድራይቩ እዚያው ጎኑ ላይ ተሰክቶ! ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወይ ድራይቩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ ደግሞ ለልጅቷ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ይሰጣታል። ሁለቱም አያስፈልጉም። የሚያስፈልገው ለልጅቷ አንዲት ትንሽ ፈቃድ መስጠት ነው፤ ሥራውም የአሥር ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ፦ ችግሩ የፈቃድ ነው ወይስ የዕቃ?

ወደ ፈቃድ ነገር ከመግባታችሁ በፊት ቀላሉን ፈትኑ። ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው ሰው፣ ማለትም የመጀመሪያው አካውንት ባለቤት፣ በራሱ ገብቶ ዲስክ ለመጻፍ ይሞክር። ለእሱ ሠርቶ ለልጁ እምቢ ካለ፣ ጉዳዩ የፈቃድ ነው፤ ቀጥሉ። ለሁለቱም እምቢ ካለ ግን ምናልባት ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህን እዩ፦

• ድራይቩ መጻፍ ይችላል? ፊቱ ላይ «ዲቪዲ-ሮም» ብቻ የሚል ከሆነ የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ አይደለም። የሚጽፈው «አርደብልዩ» ወይም «ሪራይተብል» የሚል ምልክት አለው።

• ዲስኩ ባዶ ነው? አንዴ የተጻፈበትና የተዘጋ ዲቪዲ-አር እንደገና አይጻፍበትም።

• በጃንዋሪ ብርድ መኪና ውስጥ ያደረ ላፕቶፕ ወይም ድራይቭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ሳትከፍቱት ለአንድና ለሁለት ሰዓት ቤቱን ይላመድ።

ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁን መልስም በደንብ አንብቡት። በእንግሊዝኛ ከሚመጡት መልሶች ሦስቱ በተለይ የሚጠቅሙ ናቸው። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ፈቃድ ተከልክላችኋል፤ ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው። «ዲቫይስ ቢዚ» ካለ ግን ሌላ ፕሮግራም ድራይቩን ይዞታል ማለት ነው፤ የፊልም ማጫወቻውን ዝጉና እንደገና ሞክሩ። «ኖ ሳች ፋይል» ካለ ኮምፒውተሩ በዚያ ስም የሚጠራ ድራይቭ አላየም፤ ኬብሉን ንቀሉና ሰኩት። ሦስቱን ማምታታት ነው ብዙ ሰዓት የሚያባክነው።

ሊኑክስ ለምንድን ነው የሚከለክለው?

ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው፣ አርዓያ ያደረገው ዩኒክስ የተባለውን አሮጌ ሥርዓት ነበር። ዩኒክስ ደግሞ በዩኒቨርሲቲና በመሥሪያ ቤት ብዙ ሰው አንድ ኮምፒውተር እየተጋራ እንዲሠራበት የተሰናዳ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሮ «ይህ ዕቃ የማን ነው? ማን ይንካው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጠባዩ ዛሬም አልቀረም፤ አንድ ላፕቶፕ ለአምስት ሰው ለሚጋራ ቤተሰብ ደግሞ ጥሩ ጠባይ ነው።

በሊኑክስ ውስጥ ድራይቩም ቢሆን እንደ ፋይል ስም አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ «ኤስአር-ዜሮ» ይባላል። በዚያ ፋይል ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች ተለይተው ይታወቃሉ፦ ባለቤቱ፣ ቡድኑና ሌላው ሰው። ባለቤቱ «ሩት» የሚባለው የኮምፒውተሩ የበላይ አስተዳዳሪ ነው። ቡድኑ በኡቡንቱ፣ በሚንት፣ በዴቢያንና በፌዶራ «ሲዲሮም» ይባላል፤ በአርች ሊኑክስ ግን ስሙ «ኦፕቲካል» ነው። ሌላው ሰው ምንም ፈቃድ የለውም።

ይህን እንደ ዕድር አስቡት። የዕድሩ ድንኳንና ድስት የዕድሩ ነው። አባል የሆነ ሰው ይጠቀምበታል። አባል ያልሆነ ሰው ደግ ሰውም ቢሆን፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ ስሙ መዝገብ ላይ ከሌለ ድንኳኑ አይሰጠውም። ልጅቷ ጥፋት አልሠራችም፤ ስሟ መዝገቡ ላይ ስለሌለ ብቻ ነው።

ለምን አባት አባል ሆኖ ልጅ ሳትሆን ቀረች? ኡቡንቱ ሲጫን የመጀመሪያውን ተጠቃሚ በራሱ ጊዜ የ«ሲዲሮም» ቡድን ውስጥ ያስገባዋል። በኋላ «ተራ ተጠቃሚ» ተብለው የሚጨመሩት አካውንቶች ግን እዚያ ቡድን ውስጥ አይገቡም። ማንም አልነገረንም እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

«ታዲያ የጓደኛዬ ልጅ ምንም ሳይነካ እንዴት ሠራለት?» የሚል ይኖራል። የዛሬዎቹ ሊኑክሶች ሌላም ደንብ አላቸው፦ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ በመግቢያው ገጽ በኩል ለገባ ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ የድራይቩን ፈቃድ በጊዜያዊነት ይሰጡታል። በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ይህ ይበቃል። ለአሮጌ ማሽን ተብለው በተቀለሉ አንዳንድ ሊኑክሶች ላይ፣ ያለ መግቢያ ገጽ በሚነሣ ኮምፒውተር ላይ፣ ከሌላ ክፍል በኔትወርክ ለሚገባ ሰው ወይም በአባቱ መስኮት ውስጥ ስሙን ቀይሮ ለሚሠራ ልጅ ግን ይህ ደንብ አይደርስለትም። ያኔ የቡድን አባልነት ነው የሚያድነው።

ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ ልጅቷ የፎቶ ዲስክ ስትከት ፎልደሩ ይከፈትላታል፣ ፎቶዎቹን ታያለች፤ መጻፍ ግን አትችልም። ይህ የሚሆነው ዲስኩን ከፍቶ የሚያሳያት ከበስተጀርባ የሚሠራ የሥርዓቱ አገልጋይ ስለሆነ ነው። መጻፍ ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ራሱ፣ በልጅቷ ስም፣ በቀጥታ ድራይቩን መያዝ አለበት። ስለዚህ «ማንበብ ከቻለ መጻፍም ይችላል» አይባልም።

ወላጅ ያንብብ፣ ልጅ ይተይብ

ይህን ሥራ አብራችሁ ሥሩት። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኛ ግን እዚህ ያስቀመጥነው አጠራራቸውን ነው። ወላጅ ፊደሉን እየጠራ፣ ልጅ እየተየበ ይሂድ። ካልተባለ በቀር ሁሉም ትናንሽ ፊደል ነው። «ክፍት» ስንል የስፔስ ቁልፉን አንዴ መጫን ነው።

አንደኛ፦ መዝገቡን እዩ። በልጁ አካውንት ገብታችሁ «ተርሚናል» የሚባለውን ጥቁር መስኮት ክፈቱ። እንዲህ ጻፉ፦ ኤል-ኤስ፣ ክፍት፣ ሰረዝ-ኤል፣ ክፍት፣ ስላሽ፣ ዲ-ኢ-ቪ፣ ስላሽ፣ ኤስ-አር-0 (የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ነው)። ከዚያ «ኢንተር» ንኩ። በሚመጣው መስመር ላይ «ሩት» የሚለውን ስም፣ ቀጥሎም «ሲዲሮም» የሚለውን ታያላችሁ። የመጀመሪያው ባለቤቱ ነው፤ ሁለተኛው ቡድኑ ነው። የቡድኑ ስም ሌላ ከሆነ በሚቀጥሉት ደረጃዎች ያንን ስም ተጠቀሙ። ከፊደሎቹ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት ካለ፣ ከቡድኑ ሌላ የተለየ ፈቃድ የተሰጠው ሰው አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ልጁ አባል መሆኑን ጠይቁ። ጂ-አር-ኦ-ዩ-ፒ-ኤስ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ንኩ። ልጁ ያለባቸው ቡድኖች በሙሉ ይደረደራሉ። «ሲዲሮም» ከመሃላቸው ከሌለ፣ በሽታው ተገኘ።

ሦስተኛ፦ አባል አድርጉት። አሁን ከልጁ አካውንት ውጡና በአስተዳዳሪው አካውንት ግቡ። ሊኑክስ ሚንት ላይ ከሆናችሁ መጻፍም አያስፈልግም፤ በሜኑው ውስጥ «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» የሚለውን ክፈቱ፣ የልጁን ስም ምረጡ፣ ከቡድኖቹ ዝርዝር ውስጥ «ሲዲሮም» ላይ ምልክት አድርጉ። በኡቡንቱና በዴቢያን ተርሚናል ከፍታችሁ፦ ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ፣ ክፍት፣ ኤ-ዲ-ዲ-ዩ-ኤስ-ኢ-አር፣ ክፍት፣ የልጁ መግቢያ ስም፣ ክፍት፣ ሲ-ዲ-አር-ኦ-ኤም። ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ የራሳችሁን ጻፉ። ስትጽፉ ኮከብም ነጥብም ላይታይ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ እየተጻፈ ነው።

በሌሎች ሊኑክሶች «ዩዘርሞድ» የሚባለው ትእዛዝ ነው የሚሠራው፦ ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ፣ ክፍት፣ ዩ-ኤስ-ኢ-አር-ኤም-ኦ-ዲ፣ ክፍት፣ ሰረዝ፣ ትንሿ ኤ፣ ትልቁ ጂ፣ ክፍት፣ የቡድኑ ስም፣ ክፍት፣ የልጁ ስም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ያቺ ትንሿ «ኤ» «ጨምር» ማለት ናት። እሷ ከተረሳች ትእዛዙ ሰውየውን ከሌሎቹ ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ አስወጥቶ ይህን ብቻ ይተውለታል። አባት በራሱ ስም ላይ «ኤ»ን ረስቶ ከጻፈ የአስተዳዳሪነት መብቱንም ሊያጣ ይችላል። በአንዲት ፊደል!

አራተኛ፦ ውጡና እንደገና ግቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስሙን አስገብቶ ወዲያው ይሞክራል፤ አሁንም እምቢ ሲለው «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ የአባላቱን ስም የሚያየው ሰው ሲገባ ነው። ዕድር ላይ ዛሬ የተመዘገበ ሰው ስሙ የሚጠራው በሚቀጥለው ስብሰባ አይደል? እንደዚያው ነው። መስኮት መዝጋት አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ «ሎግ አውት» ማድረግ ያስፈልጋል። ካልተማመናችሁ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሡት።

አምስተኛ፦ ፈትኑ። በልጁ አካውንት ገብታችሁ ሁለተኛውን ደረጃ ድገሙት። አሁን «ሲዲሮም» በዝርዝሩ ውስጥ አለ? እንግዲያው ብራሴሮን፣ ኬ-ስሪ-ቢን ወይም ኤክስኤፍበርንን ክፈቱና ባዶ ዲስክ ክተቱ።

እነዚህን ሦስት «መፍትሔዎች» አትሞክሩ

ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ምክር አይታችሁ ይሆናል። ብዙው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2004 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.8 ድራይቭ ላይ የሚላኩ ትእዛዞችን ማጣራት ጀመረ። ምክንያት ነበረው፦ ከዚያ በፊት ድራይቩን ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ሰው እንኳ የድራይቩን የውስጥ ፕሮግራም ሊያበላሹ የሚችሉ ትእዛዞችን መላክ ይችል ነበር። ማጣሪያው ሲመጣ ግን የዚያን ጊዜዎቹ የሲዲ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለተራ ተጠቃሚ እምቢ አሉ። ሰውም ተቸግሮ አቋራጭ መንገድ ፈለገ። ፕሮግራሞቹ ከተስተካከሉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ አቋራጩ ምክር ግን እስከ ዛሬ ይዞራል።

የመጀመሪያው አቋራጭ፣ ፕሮግራሙን በ«ሱዶ» እንደ ሩት መክፈት ነው። ይሠራል፤ ግን ያ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የማጥፋት ሥልጣን ይዞ ይሠራል። በዚያ ላይ የሚፈጥራቸው ፋይሎች የሩት ንብረት ይሆናሉ። ነገ ልጅቷ የራሷን የምርቃት ቪዲዮ ልታስተካክል ስትል «ፈቃድ የለሽም» ይላታል። አንዱን ችግር በሌላ ችግር መለወጥ ነው።

ሁለተኛው፣ «ሲኤችሞድ» በሚባለው ትእዛዝ ድራይቩን ለዓለም ሁሉ ክፍት ማድረግ ነው። ይህም ለጊዜው ይሠራል። የድራይቩ ፋይል ግን ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አዲስ ሆኖ ስለሚፈጠር፣ ነገ ጠዋት ፈቃዱ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

ሦስተኛው፣ ለልጁ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ መስጠት ነው። ይህ ዲቪዲ ሊጽፍ ለመጣ ልጅ የቤቱን፣ የመኪናውንና የባንኩን ቁልፍ በአንድ ቀለበት መስጠት ነው። በዚያ ፓስወርድ ፕሮግራም ይጫናል፣ የታናናሾች አካውንት ይከፈታል፣ የወላጅ የታክስ ፋይል ይነበባል። ልጁ ጨዋ ስላልሆነ አይደለም። አንድ ጨዋታ በነፃ አወርዳለሁ ብሎ የተሳሳተ ነገር ቢነካ፣ ጥፋቱ በእሱ አካውንት ብቻ እንዲቆም ነው። የ«ሲዲሮም» ቡድን አባልነት ግን የሚከፍተው ያንን ድራይቭ ብቻ ነው፤ የወላጆችን ፋይል አይከፍትም፤ ፕሮግራም አያስጭንም።

ተመዝግቦም እምቢ ካለ

ፕሮግራሙ የተጫነው «ስናፕ» ወይም «ፍላትፓክ» በሚባለው መንገድ ከሆነ፣ በራሱ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ሰውየው አባል ቢሆንም ሳጥኑ ራሱ ሌላ መቆለፊያ ሊኖረው ይችላል። ቀላሉ መፍትሔ ያንን አጥፍቶ፣ ያንኑ ፕሮግራም ከተራው የሥርዓቱ ማከማቻ መጫን ነው። የሶፍትዌር መደብሩ ፕሮግራሙ ከየት እንደመጣ ስሙ አጠገብ ያሳያችኋል።

ጽሕፈቱ ጀምሮ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ፈቃድ አለ ማለት ነው። ዲስኩን ቀይሩ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፤ ድራይቩ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክሩት።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ዲቪዲ

ኮምፒውተሩ እሺ ካለ በኋላ አያት ዘንድ ደርሶ «አይሠራም» እንዳይባል፣ ጥቂት ነገሮች፦

• ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ በሌላ አቆጣጠር 4.38 ሊላችሁ ይችላል፤ አልተታለላችሁም። ሲዲ 700 ሜጋባይት ወይም የ80 ደቂቃ ሙዚቃ ይይዛል።

• ከስልክ የተወሰደ ቪዲዮ እንዳለ ዲስክ ላይ ቢገለበጥ አሮጌ ማጫወቻ አያውቀውም። «ዲቪዲ-ቪዲዮ» ወደሚባለው ዓይነት መለወጥ አለበት፤ በሊኑክስ «ዲቪዲስታይለር» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል።

• ፕሮግራሙ «ፓል ወይስ ኤንቲኤስሲ?» ሲላችሁ፣ ለኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ «ፓል» በሉ። አሜሪካ የለመደው ኤንቲኤስሲን፣ አገር ቤት ፓልን ነው። ፓል በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፣ ኤንቲኤስሲ ወደ 30 ይጠጋል።

• ሱቅ የሚሸጥ ፊልም ላይ ያለው የ«ሪጅን» ቁጥር ቤት ውስጥ ለምትጽፉት ዲስክ አያሳስባችሁም።

• የመዝሙር፣ የመንዙማ ወይም የሙዚቃ ፋይሎችን ስም በግዕዝ ፊደል ብትጽፉ አሮጌ ማጫወቻና የመኪና ሲዲ ሳጥን ሳጥን አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል። ለእነሱ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉት።

• «ቬሪፋይ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ኮምፒውተሩ የጻፈውን መልሶ ያነባል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አዲስ አበባ ደርሶ ባዶ ከመሆን ይሻላል።

• ዲስኩ ላይ ወረቀት አትለጥፉ፤ ለዲስክ በተሠራ ለስላሳ እስክሪብቶ ጻፉ። ከፀሐይም አርቁት። ዋናው ቪዲዮ ደግሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ዲስኩ ብቸኛ ቅጂ አይሁን።

ይህ ሁሉ ለራሳችሁ ቪዲዮና ለራሳችሁ ፎቶ ነው። የዘፋኙን አልበም ወይም የፊልሙን ዲቪዲ እያባዙ መሸጥና ማደል እዚህም አገር ቤትም በሕግ የተከለከለ ነው፤ በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። አርቲስቶቻችንም ከዚያው ነው የሚበሉት።

ለልጆች፦ የቁጥር ጨዋታ

ሊኑክስ ፈቃድን በቁጥር ይጽፋል። ማንበብ 4 ነው፣ መጻፍ 2 ነው፣ ማስኬድ 1 ነው። የተፈቀደልህን ትደምራለህ፤ ምንም ካልተፈቀደልሽ ደግሞ 0 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሰው ነው።

ጥያቄ 1፦ የዲቪዲ ድራይቭ ቁጥር ብዙ ጊዜ 660 ነው። የቡድኑ አባል ምን ማድረግ ይችላል? ሌላውስ ሰው?

ጥያቄ 2፦ አንድ ፋይል 640 ቢሆን፣ የቡድኑ አባል ሊጽፍበት ይችላል?

ጥያቄ 3፦ ድራይቩን 666 ማድረግ ለምን አንመክርም?

መልስ፦ 1) የቡድኑ አባል ማንበብም መጻፍም ይችላል፤ 4 ሲደመር 2 ስለሆነ። ሌላው ሰው ምንም። 2) አይችልም፤ 4 ማንበብ ብቻ ነው። 3) ማንም ሰው፣ ማንም ፕሮግራም፣ ሳይጠይቅ ሊጽፍበት ስለሚችል። ኮምፒውተሩ ሲነሣም ስለሚጠፋ!

እርዳታ ስትፈልጉ

የሄኔፒን ካውንቲ «ፊክስ-ኢት ክሊኒክ» የሚባል ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያካሂዳል። ነፃ ነው። የተበላሸ ዕቃችሁን፣ ልብስም ይሁን ኤሌክትሮኒክስ፣ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ በጎ ፈቃደኞች አጠገባችሁ ተቀምጠው አብራችሁ ትጠግኑታላችሁ። ጥላችሁ አትሄዱም፣ እያያችሁ ትማራላችሁ። ቀኑንና ቦታውን ከካውንቲው ጠይቁ። ኮምፒውተር ጭራሽ ለሌለው ቤተሰብ ደግሞ ሴንት ፖል የሚገኘው «ፒሲስ ፎር ፒፕል» የታደሱ ኮምፒውተሮችን ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በቅናሽ ያቀርባል።

ለእርዳታ ስትሄዱ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ የሚያውቀው ሰው አብሮ ይሂድ፤ ፓስወርዱን ግን ራሱ ይተይበው እንጂ ለማንም አይስጥ። ኮምፒውተሩ የሰጠውን መልስም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። «እምቢ አለ» ከሚል ሰው ይልቅ «ፐርሚሽን ዲናይድ አለኝ፣ ግሩፕስ ብዬ ስጠይቅ ሲዲሮም የለም» የሚል ሰው በአምስት ደቂቃ ይረዳል።

ልጆቹ ዛሬ ይህን ከሠሩ፣ ለሚቀጥለው የአገር ቤት ተጓዥ ዲስኩን የሚያዘጋጁት እነሱ ይሆናሉ። ወላጅ ደግሞ ፓስወርዱን በኪሱ እንደያዘ ቡናውን ይጠጣ።